የኩማሲ ጉርሻ

ሦስት ቋንቋ ያለ አስተማሪ ያወቅሁ ሰው ነኝና፣ ሁሉም በጭምብል ቢያወራም ከታክሲ ወሬ አንዲት ቃል አታመልጠኝም። ከዮቪል ሰፈር ስንነሳ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለውን ወጣት ስለታቀፈው ደማቅ ጨርቅ ጠየቁት።

«ኬንቴ ይባላል፣ እናቴ። ከጋና፣ ከኩማሲ ነው። ሸማኔው ሲሠራው ቆሜ አይቻለሁ።»

«በዚህ በኮሮና እዚያ ምን ወሰደህ?»

«እጮኛዬን ካባቷ ልለምን።»

«ያለ ሽማግሌ?»

«ሽማግሌዎቼ የአፍንጫውን ምርመራ ፈርተው ቀሩ።»

«ታዲያ ሰጡህ?»

«መጀመሪያ ፉፉ ቀረበ፣ የተወቀጠ ካሳቫ ከነሾርባው። እኔም አክባሪነቴን ላሳይ ብዬ አባቷን አጎረስኳቸው።»

«በእጅህ? በኮሮና?»

«ታጥቤያለሁ! የቤቱ ሰው ግን እርስ በርሱ ተያየ። ለካ እዚያ አገር ትልቅ ሰው በሌላ ሰው እጅ አይጎርስም።»

«ወይ ጉድ! ተውክ አይደል?»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምኳቸዋ።»

«ኧረ አንተ ልጅ!»

«እሳቸውም አንድ ትልቅ ቆረሱና ‹አፍህን ክፈት› አሉኝ። ማኘክ ስጀምር ቤቱ በሳቅ አውካካ። ፉፉ ይዋጣል እንጂ አይታኘክም።»

«ልጅቷስ? ልጅቷን ንገረኝ!»

«ሰጡኝ፣ እናቴ! ይህንንም ጨርቅ በገዛ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።»

«እልልልል!»

ሾፌሩ ደንግጦ ዞረ፤ ያ ሁሉ ቋንቋ የማውቀው እኔ ግን ከጭምብሌ ሥር አፌን ከፍቼ መቀመጤን ያወቅሁት ሮዘተንቪል ስንደርስ ነው።