የሚጸድቀው የቱ ነው?

ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የዋለች ሴት፣ ቤቷ ገብታ ጋደም ማለት እንጂ መንገድ ላይ ቆሞ ማስታወቂያ ማንበብ አያምራትም። ይቺኛዋ ግን ፊደል መቁጠር ከጀመረች ገና ስምንት ወሯ ነው፤ የተለጠፈ ወረቀት አይታ ማለፍ አልሆንላት ብሏል። ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሰፈሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ በጣቷ እየተከተለች ታነብባለች።

“ምን አገኘሽ ደግሞ?” አሏት ከኋላዋ።

ዘወር ስትል ጎረቤቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፤ ውሃ ልክ ከእጃቸው ስለማይለይ ሰፈርተኛው ጋሽ ውሃልክ ይላቸዋል። ጓሮዋ ከግድግዳቸው ጋር ይዋሰናል። “በመኖሪያ ሰፈር እርሻ ተጀምሯል” ብለው ያመለከቱባትም እሳቸው እንደሆኑ ታውቃለች፤ ታውቃለች እንጂ አንድም ቀን አንስታባቸው አታውቅም።

“ደግ ነገር ነው ጋሼ” አለች። “እስከ ሐሙስ ካልጸደቀ ይነቀላል ይላል። የኔ ቆስጣ ደግሞ ከጸደቀ ሰነበተ! ሁለት ቅጠል ጨምሯል። እንግዲህ ማንም አይነካብኝም።”

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ።

“ልጄ፣ የሚጸድቀው ደንቡ ነው እንጂ ቆስጣው አይደለም!”

“ደንብ ደግሞ እንዴት ይጸድቃል? ሥር የለው፣ ቅጠል የለው።”

“ተሰብስበው እጅ ሲያወጡለት ጸደቀ ይባላል።”

“እኔ መጽደቅ የማውቀው ለተክልና ለነፍስ ነው።”

“ለወረቀትም ነው። ረጅሙን ቃል ዘለልሽው። ይኸውልሽ፤ የደንቡ ማሻሻያ ይላል።”

ፊቷ ጋለ። እውነትም “ማሻሻያ” የሚለው ቃል ሲረዝምባት አልፋው ነበር። ዘንድሮ ከፊደል ጋር የምታደርገው ትግል እንዲህ ነው፤ አንዲት ቃል ትዘላለች፣ ያቺው ቃል ጠልፋ ትጥላታለች።

“እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ” አለች።

አነበቡላት። ምክር ቤቱ ሐሙስ ይሰበሰባል። በመኖሪያ ክልል አትክልት መትከልን የሚከለክለው ደንብ ካልተሻሻለ፣ የተተከለው ሁሉ ይነቀላል። አስተያየት ያላቸው አዋሳኝ ነዋሪዎች ግን በጽሑፍ ፈርመው ማቅረብ ይችላሉ።

“አዋሳኝ ማለት?”

“ጎረቤት። እኔ ማለት ነው” አሉ፤ ይህን ሲሉ ዐይን ዐይኗን አላዩም።

ጎን ለጎን ወደ ቤታቸው አዘገሙ። ሁለቱም ደክሟቸው ስለነበር አካሄዳቸው ገጠመ። መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት።

“ጋሼ፣ ልጄ ደም አንሷታል። ደረጃ ስትወጣም ስትወርድም ግድግዳ ይዛ ነው። ሐኪሙ ቅጠላ ቅጠል አብሊያት አለኝ። እኔ ከሥራ ስወጣ ገበያው ተበትኗል፤ የተረፈው የጠወለገ ነው። ያቺ የቆስጣ መደብ ከተነቀለች ምን ላብላት?”

“ልጅሽን ጠልቼ መሰለሽ?” አሉ ጋሽ ውሃልክ። “እኔ ከሞፈርና ከቀንበር ሸሽቼ ከተማ የገባሁ ሰው ነኝ። ከተማ ከተማ ነው። ዛሬ አንቺ ቆስጣ ተከልሽ፤ ነገ ያቺ ላም ታስራለች፣ ያኛው ፍግ ይከምራል። ከዚያ በኋላ ዝንብ ነው፣ ሽታ ነው፣ ጭቅጭቅ ነው።”

“እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የዛሬው ደንብ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ክልክል። ክልክል ሲባል ሰው መቼ ይተዋል? ተደብቆ ይተክላል። ተደብቆ ሲተክል ፍጉን የት እንደከመረው ማን ያይበታል? ከተፈቀደ ግን ልክ ይበጅለታል። ከግድግዳ ይህን ያህል ራቅ ይባላል፣ ፍግህን ክደን ይባላል፣ ከብት አታስር ይባላል። እርስዎ ልክ የሌለው ነገር እንደማይወዱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።”

ሽማግሌው ፈገግ ሊሉ ሲሉ ተዉት። በልባቸው ያመቁት ሌላ ነገር ነበርና።

“ግድግዳዬስ? በገዛ እጄ የገነባሁት ግድግዳ ሥሩ ርሶ ይላጣል። ያንቺ ውሃ አይደለም የሚጠጣው?”

ሴትየዋ ደነገጠች። እውነት ቢሆንስ? ለልጇ ብላ የሰው ቤት አፍርሳ ቢሆንስ? ግን ፈርቶ መቅረቱም ሰለቻት።

“ውሃ ልክዎን ያምጡና ይዩት። የኔ ጥፋት ከሆነ ነገ በእጄ እነቅለዋለሁ” አለች።

አመጡት። ከግድግዳው ሥር እስከ መደቡ ቀጥ ያለ ጣውላ አጋደሙ፤ ውሃ ልኩን ከላዩ አኖሩና ተንበረከኩ። አረፋዋ ከመሃል ተነሥታ ወደ እሳቸው ግድግዳ ሸሸች። ጣውላውን ገልብጠው ደገሙት። አሁንም ወደዚያው። አረፋ ወደ ከፍታ፣ ውሃ ወደ ዝቅታ፤ ይህን ለስንቱ ተለማማጅ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የእሷ ውሃ ወደ እሳቸው ሽቅብ ሊወጣ አይችልም።

ቀስ ብለው ቀና አሉ። ከረጠበው ግድግዳ ትክክል፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ፣ አሸንዳው መጋጠሚያው ላይ ተላቅቋል፤ የዝናቡ ውሃ በግድግዳው ላይ ሲወርድ ኖሯል።

“ይህን ሁሉ ጊዜ” አሉ፣ ከመሬት ሳይነሡ። “ይህን ሁሉ ጊዜ ወደ ታች ሳይ፣ ቀና ብዬ አላየሁም።”

እሷም አልሳቀችባቸውም። ክንዳቸውን ይዛ አስነሣቻቸው።

“ወረቀት አምጪ፤ ልጻፍልሽ” አሉ።

“እኔ ልጻፍ። እርስዎ ይንገሩኝ።”

አመሻሹ ላይ ደጃፏ ተቀምጠው፣ እሳቸው ሲናገሩ እሷ ጻፈች። “ማሻሻያ” የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዛ በሦስተኛው አገኘችው። እሳቸውም አዋሳኝ ብለው ፈረሙ።

ነገሩ ግን በአንድ ሐሙስ አላለቀም። አስተያየት ስለቀረበ ነቀላው ቆመ እንጂ፣ ስብሰባው ሁለቴ ተላለፈ። እሷ በየሳምንቱ ከሥራ መልስ በጽሕፈት ቤቱ በር እያለፈች ታነባለች፤ ምንም የለም። የአንሶላው ክምር አልቀነሰ፣ ወገቧ አልተሻለው።

አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ ጋሽ ውሃልክ ከግድግዳው ማዶ ጮኹ።

“ጸደቀ!”

“የቱ ጋሼ? ቆስጣው ነው ደንቡ?”

“ደንቡ! አንድ ሜትር ከግድግዳ፣ ፍግ ተከድኖ፣ ከብት የለም። ልክ አበጁለት!”

ጥቅሙ ከዚያ ወዲያ በዐይን የሚታይ ሆነ። ቆሻሻ ይጣልበት የነበረው የሰፈሩ ጥግ ጎመንና ካሮት በቀለበት። ይደበቅ የነበረው ሁሉ በግልጽ ስለሆነ፣ ፍጉን ያልከደነ ሰው ተነግሮት ይከድናል። ከግድግዳ ያለውን ርቀት የሚለኩት ጋሽ ውሃልክ ናቸው፤ ሲባጎ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ በየቤቱም ይጨቃጨቃሉ።

ደንቡ በጸደቀበት ዕለት ግን ሴትየዋ እልል ለማለት እንኳ አቅም አልነበራትም። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ መደቡ ዳር ቁጭ አለች። ልጇ ከቤት ወጥታ ደረጃውን ወረደች፤ ወዲያው ቅጠል ልትቀጥፍ ጎንበስ አለች።

እናትየዋ ያየችው ግን ደረጃውን አወራረዷን ነበር። ልጅቱ ግድግዳ አልያዘችም።