ከሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ውጭ

ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ቄስና እጇ በቀለም የተዥጎረጎረ ወጣት ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«አሮጌውን ሲኒማ ቤት እያደስን ነው» አለቻቸው።

«ሸጋ ሥራ ነው። እኔ ገብቼ አላውቅም፤ ፊልሞቹን ግን ሰምቻለሁ።»

«ምነው አባ፣ ሳይገቡ?»

«የአቋቋም ተማሪ ሆኜ ሲኒማ ልግባ? ከግድግዳው ውጭ ቆሜ ነበር የምሰማ። አንድ ቀን አምልጦኝ ማኅሌት ላይ የፊልሙን ዜማ አዜምሁት።»

«ተቆጡዎት?»

«መሪጌታው ‹ከየትኛው ደብር ያመጣኸው ነው?› አሉኝ።»

ሳቀች። «አሁን እንኳ ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ግድግዳውን በስፖንጅ ሸፍነነዋል።»

ቄሱ ዞር ብለው አዩዋት።

«እንግዲያ መግባት የማይችለው ምን ሊሰማ ነው፣ ልጄ?»

መውረጃዬ ደርሶ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።