የካርዱ ጀርባ

ግንቦት ዘጠኝ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጉባኤው ተጀመረ። አንቺ ያን ዕለት ሁርሶ ነበርሽ አይደል በድሪያ? እህትሽ ወንድ ወለደች አሉኝ። ማሻአላህ፣ ያሳድግላት። መልኩ ወደ ማን ነው? ወደ ማንም ይሁን፣ ብቻ አመሉ ወደ እናቱ ይሁን። ሦስት ሳምንት ሙሉ አራስ ማረስ ቀላል አይደለም፣ ከስተሻል።

ቁጭ በይ። ሻንጣሽን መሳቢያዎቹ ላይ አድርጊው፤ ባዶ ናቸው፣ ምንም አይሆኑም። በሩን ተይው፣ ክፍት ይሁን። በዚህ ሙቀት በር ተዘግቶ ይሠራል እንዴ? አለቃችንም ከግድግዳው ማዶ ናቸው፤ እሳቸውም ነፋስ ይድረሳቸው። ሠላሳ ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሠራ ሰው ቀስ ብሎ መናገር ያውቃል... ዛሬ ግን ማራገቢያው ይጮኻል። ድምፄን ከፍ ባደርግ አትታዘቢኝ። ደግሞ የማንንም ስም አልጠራም።

ጉባኤው ምን ዓይነት እንደነበር ሰምተሻል? ከአዲስ አበባ ሥልጠና ይዘውት የመጡት እሳቸው ናቸው። ተሳታፊው ራሱ የሚመራው ነው። የክብር እንግዳ የለም፣ የንግግር ተራ የለም። ጠዋት ባዶ ግድግዳ ይጠብቅሻል። መወያየት የምትፈልጊውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ትለጥፊያለሽ፤ የወደደው ይመጣል፣ ያልጣመው ተነሥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ደስ አይልም? የቤተ መጻሕፍትና የመዝገብ ቤት ሰው ዕድሜ ልኩን ሌላው የጻፈውን ሲያስቀምጥ ይኖራል፤ አንድ ቀን እንኳ የራሱን ይለጥፍ። ከሐረር፣ ከጅግጅጋ፣ ከጭሮ ሃምሳ ሰባት ሰው መጣ። በሠላሳ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው ይህን ማዘጋጀታቸው ቀላል ነው? የክብር እንግዳ በሌለበት ጉባኤ አርባ ደቂቃ የመክፈቻ ንግግር ማድረግ ለማንም አይቻልም። እሳቸው ቻሉት።

እኔን በር ላይ ስም መዝጋቢ አደረጉኝ። ተገቢ ነው፤ ጽሑፌ ያምራል።

ከንግግሩ በኋላ ቁራጭ ወረቀት ታደለ። እዚህ ላይ ብልሃታቸውን እይልኝ። ሌላ አዘጋጅ ቢሆን ወረቀት ያስቆርጥ ነበር። እሳቸው ግን አሰቡ። ያስባሉ እኮ! አያስቡም ያለው ማን ነው? ወፈር ያለ፣ እኩል የተቆረጠ፣ አንድ ፊቱ ባዶ የሆነ ወረቀት ከየት ይገኛል? ከኔ ጠረጴዛ ጀርባ ስድስት መሳቢያ ሙሉ አለ። የካታሎግ ካርድ።

የባቡር ወረቀቶቹ ካርድ ነዋ። የድሮ ሠራተኞች የቅጥር፣ የዝውውር፣ የጉዳት ወረቀት በመቶ አርባ ሳጥን ታሽጎ ምድር ቤት እንዳለ ታውቂያለሽ። የትኛው ወረቀት የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለ የሚናገረው ካርዱ ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ከፈረንሳይኛው እያነበብኩ፣ በእጄ እየጻፍኩ። ልጅ ቢሆን ተምሮ፣ ተመርቆ፣ አግብቶ ነበር። እሳቸው “የተጠቀምንበትን መልሰን እንጠቀም” ብለው በካርቶን አስወጡት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ከኔ ደጃፍ ካርድ ተቆረጠ። የደቻቱ ጎርፍ እንኳ ሊወስድ ሲመጣ ይጮኻል። ይኼኛው በጭብጨባ መጣ።

ግን አይፈረድባቸውም። መጋቢት ላይ “ካርዱ መቶ በመቶ ኮምፒውተር ገብቷል” ብለው ሪፖርት ልከው የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸዋል። ሰው የራሱን ሪፖርት ካላመነ የማንን ያምናል? ግመል ሰርቆ አጎንብሶ የሚባለው ለሌላ ነው። እሳቸው መች አጎነበሱ? ቀና ብለው ፎቶ ተነሡ።

የሐረሯን ዊዳድን ታውቂያታለሽ? የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ቀጭኗ። ሰው ሁሉ ባዶውን ገጽ ሲያይ እሷ የደረሳትን ካርድ ገለበጠችው። የመዝገብ ቤት ሰው ክፉ ልማድ አለበት፤ ጀርባውን ሳያይ አያምንም። “ሳጥን 88፤ የፍሬን ሠራተኛ፤ የጉዳት ማስታወሻ” ይላል። ወደ በሩ መጣችና “እትዬ የሺ፣ ይኼ የናንተ ካርድ አይደለም እንዴ?” አለችኝ።

“ነበር” አልኳት።

“ኮምፒውተር ላይስ አለ?”

“አለ ይላሉ።”

“አንቺስ ምን ትያለሽ?”

እኔ አለቃዬን የማማ ሰው ነኝ? ወደ ስም መዝገቤ ተመለስኩ። እሷ ግን ዝም አትልም። በባዶው ገጽ ላይ “የዚህ ካርድ ጀርባ” ብላ ጻፈችና ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። በደንቡ መሠረት ነው። ማንም ርዕስ ማቅረብ ይችላል ያሉት ራሳቸው ናቸው።

አዳራሹ ውስጥ የእሳቸው ርዕስ ነበር፤ “ከካርድ ወደ ኮምፒውተር፦ የስኬት ተሞክሯችን”። አራት ሰዓት ላይ ውኃ ላቀብል ገባሁ። ስም መዝጋቢ ነኝና ሰዉን ቆጠርኩ። እሳቸው፣ ፎቶ አንሺውና የድምፅ ማጉያው ሰውዬ። ሦስት። እሱም ገመዱን ሊጠቀልል ነበር የቀረው። ንግግራቸውን ግን አላቋረጡም። እንዲህ ያለ ጽናት የት ታይቷል?

የቀረው ሰው ግቢው ውስጥ፣ ዛፉ ሥር ነበር። ዊዳድ ከግድግዳው ያነሣቻቸውን ካርዶች አንድ በአንድ ታነባለች፤ የጅግጅጋው አብዱላሂ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ በኢንተርኔት የኛን ካታሎግ ከፍቶ ይፈልጋል።

“የለም።”

“እሺ፣ ይኼኛውን።”

“የለም።”

“ስሙን በእንግሊዝኛ ሞክረው እስቲ!”

“አቦ፣ ጂቡቲ ድረስ ሄጄ የለም!”

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ዘጠና ስድስት ካርድ ተለጥፎ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የተገኘው ሰባት ነው። ሰባቱንም ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ መሣሪያው የመጣ ሰሞን፣ ለሙከራ። መቶ በመቶ ማለት ይኼ ነው እንግዲህ... የሒሳብ ትምህርት ተቀይሮ ይሆናል።

ግድግዳ ላይ የተለጠፈውስ ተረፈ። ሌላውን ሰው ማስታወሻ ያዘበት፣ ስልክ ቁጥር ጻፈበት፣ በኪሱ ከቶት ሄደ። አራት መቶ አሥራ አንድ ካርድ የት እንዳለ አይታወቅም። ባለፈው ሐሙስ ሰገል የምትባል ሴት ከከዚራ ሰፈር መጣች፤ የአያቷን የቅጥር ወረቀት ፍለጋ። ሰውየው ባቡር ላይ እንደሠሩ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ቤተሰቡ የለውም። ወረቀቱ አለ። አውቀዋለሁ፣ ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳጥኑ ግን መቶ አርባ ነው፤ ካርዱ ደግሞ ጭሮ ይሆናል፣ የባጃጅ ሾፌር ስልክ ተጽፎበት። ወደ እሳቸው ላክኋት። “ኮምፒውተሩ ላይ ይፈልጉ” ብለው መለሷት። ትሑት ናቸው። የሠሩትን ሥራ ራሳቸው እንኳ ከፍተው አያዩትም።

ተሳታፊዎቹ ከመበተናቸው በፊት ያዩትን በሁለት ገጽ ጻፉ። ሃምሳ አራት ሰው ፈረመበት። ወደ የት እንደተላከ አልነግርሽም፣ ሐሜት ይሆናል። እኔማ ሐምሌ መጨረሻ ጡረታ ስለምወጣ ጠረጴዛዬን እየጠረግኩ ነበር። የቸገረኝ ርክክቡ ነው። ባዶ መሳቢያ ፈርሞ የሚረከብ ማን አለ?

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤ መጣ። አጭር ነው። የኔ ጡረታ በአንድ ዓመት ተራዝሟል። የስድስቱ መሳቢያ ካርድ ከየከተማው ተሰብስቦ ኮምፒውተር ይገባል፤ ሥራውን የምመራው እኔ ነኝ። ካርዱን እያነበበ የሚያስገባ አንድ ሰው ደግሞ ከኃላፊነቱ ተነሥቶ፣ ከሰኞ ጀምሮ በኔ ሥር ተመድቧል። ስም አልጠራም ብዬሻለሁ... ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ነው። ከእሱ በላይ ሥራውን የሚያውቅ ከየት ይመጣል? ሲሾም ያላነበበ ሲሻር... ተይው፣ ተረቱን አበላሸሁት።

ምን አፈጠጥሽ? እኔ ክፉ አልመኝላቸውም። ጥግ ያለችውን ወንበር ጠርጌላቸዋለሁ፤ መነጽሬንም አውሳቸዋለሁ። ይልቅ አሜን በይ፣ ትልቅ ሰው ሲመርቅ አሜን ይባላል። ዓይናቸውን ያብራላቸው። ጣታቸውን ያበርታላቸው። አንዲት ካርድ ሳይዘሉ፣ ከዚያች ወንበር ሳይነሡ፣ በሰላም ለጡረታ ያብቃቸው።