ፍሪሲዮን የሌለው መኪና

ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት ልትገዛ ስላሰበችው ከፍ ያለ የቤት መኪና አባቷን ታማክራለች።

«ማንዋሉ ይረክሳል አባባ። አውቶማቲኩ ግን ዳገት ላይ ወደ ኋላ አይንሸራተትም።»

«ፍሪሲዮን አያያዝ ካወቅሽ የትኛውም አይንሸራተትም።»

«አውቶማቲኩ እኮ ፍሪሲዮን የለውም።»

«ታዲያ የጉና ዳገት ላይ ማርሹን ማን ይቀይረዋል?»

«ራሱ።»

«ራሱ! ዕድሜ ልኬን የጭነት መኪና ስነዳ እንዲህ ያለ ጉድ አልሰማሁም! ግራ እግር ምን ሊሠራ ነው?»

«ያርፋል።»

«ያርፋል... ልጄ፣ እኔ እኮ ወንዛዬ የምመላለሰው ግራ ጉልበቴ ድኖ ፍሪሲዮን እንዲረግጥልኝ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ አባባ። እርስዎ እንዲነዱት ነው የምገዛው።»

እስክወርድ ድረስ፣ ሾፌራችን ማርሽ በቀየረ ቁጥር ግራ እግሩን እያየሁ ሄድኩ።