ለወጉ የተባለ «እንብላ»

በእኛ ጊዜ ልደታ ሰፈር የሚመጣ እንግዳ ማለት የባል ዘመድ ነበር። ከገጠር ለሕክምና ወይ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ይመጣል፣ ፍራሹን ትለቁለታላችሁ፣ እናንተ መሬት ትተኛላችሁ፣ አለቀ። አሁን እንግዳው በአውሮፕላን ነው የሚመጣው። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም ጎኔን እስኪያመኝ ስቄበታለሁ፣ ግን ልጅቱ ለትንሽ ነው ያላመለጠችኝ፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ቺሶሞ ትባላለች፣ አገሯ ማላዊ ነው። የት ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ እኔ ደብተር የዘጋሁት ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው። ስልኳ ላይ ካርታ አውጥታ፣ ወደታች ወርዳ ወርዳ ወርዳ «እዚህ» አለችኝ፣ እኔም «አይ፣ ሩቅ ነው» አልኳት፣ ተግባባን። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ልትማር መጥታ የግቢያችንን ሰርቪስ ቤት ተከራየች። አማርኛዋን ከስልክ ነው የተማረችው፤ ታዲያ እንደ ዜና አንባቢ ነው የምታወራው። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ በር ላይ ታገኘኝና «እንደምን አደሩ እትዬ ዘነቡ፣ ዛሬ የአየሩ ሁኔታ መልካም ነው» ትለኛለች። እኔም ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ፣ ምን ላድርግ።

ታዲያ የመጀመሪያው ሳምንት ከክፍሏ አትወጣም። ከትምህርት ትመጣለች፣ በሯን ትዘጋለች፣ ብስኩት ትበላለች። ብስኩት እኮ ነው የምላችሁ። አላስችል አለኝና አስቀምጬ መከርኳት፦ «ስሚኝ ልጄ፣ እዚህ አገር ነይ ብዪ ሲሉሽ እንቢ አይባልም፣ ነውር ነው። እንብላ ካለሽ ሰው ጋ ቁጭ ብለሽ ብዪ፣ ያኔ ሰፈሩ ያንቺ ይሆናል።» ልብ አድርጉ፣ ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ፣ በዚሁ አፌ። እሷም ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው፤ የተማረ ሰው የነገሩትን ሁሉ ይጽፋል።

እና በማግስቱ ጀመረች።

መቼም ታውቁታላችሁ፣ ምግብ የያዘ ሰው፣ ሰው ሲያልፍበት «እንብላ» ይላል፤ አላፊውም «ይባረክ፣ ብሉ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሲቀጥል ነው ደስ የሚለን። ቺሶሞ ግን አትቀጥልም። ጌጃ ሰፈር መታጠፊያው ላይ አናጢዎቹ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው «እንብላ» ቢሏት፣ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ እጇን ታጥባ መሃላቸው ተቀመጠች። እጇ ደግሞ ፈጣን ነው፤ አገሯም በእጅ ነው የሚበላው። ታደሰ አናጢው መጥቶ፣ «ዘነቡዬ፣ እኛ ገና አንዴ ስንጎርስ እሷ በፊቷ ያለውን ጨርሳለች» አለኝ። ሌላ ቀን ሚኒባስ ውስጥ አንዷ ሴትዮ ብርቱካን ልጣ «እንብላ» ብትላት ግማሹን ተቀብላ በላችው፤ ሴትዮዋ ሜክሲኮ እስክትወርድ የቀረውን ግማሽ ይዛ ስታያት ነበር አሉ። ደግሞ በሌላው ቀን ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ቀጠሮ የሚጠብቁ ባለጉዳዮች ዳቦ ሲበሉ አገኘቻቸውና ተቀመጠች፣ ዳቦውንም በላች፣ የመሬት ክርክራቸውንም ሰማች። «እትዬ፣ ሰውየውን ታላቅ ወንድሙ በድሎታል» አለችኝ ስትመጣ። ፋይሉን ቢሰጧት ትፈርደው ነበር።

እኔ እስቃለሁ እንጂ አላስቆምኳትም። እውነቱን ልናገር፣ የት እንደበላች ስትነግረኝ መስማት ከቴሌቪዥኑ ይጥመኝ ነበር።

ሰፈሩ ግን ሌላ ማውራት ጀመረ። ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት አስካለ አለች፣ ሳሙናውንም ወሬውንም በችርቻሮ የምትሸጠው። እሷ ናት «ዘነቡ ተከራይዋን በረሃብ ልትጨርሳት ነው» ብላ ያስወራችው። እኔን ነው እንግዲህ፣ ድስቴ ከምድጃ ወርዶ የማያውቀውን። አንገበገበኝ፣ ግን የባሰው ሌላ ነው። አንድ ሐሙስ ቺሶሞ የሞባይል ካርድ ልትገዛ ሱቁ በር ላይ ቆማለች፤ አስካለ ልጅቱ የሚገባት አልመሰላትምና አጠገቧ ለነበረችው ሴት፣ «እንብላ የሚባለው ለወጉ ነው፤ ይቺ እጇን ታጥባ ትመጣለች። ሰዉ እኮ እሷን ሲያይ ምሳ ዕቃውን መክደን ጀምሯል» አለች።

ገባት። አንድም ሳይቀር ገባት። ካርዱን ሳትገዛ ተመለሰች፣ በሯን ዘጋች፣ ዓርብም ትምህርት አልሄደችም። እኔ አሟት ይሆናል ብዬ ሾርባ ይዤ ብገባ ሻንጣዋ አልጋው ላይ ተከፍቷል። ለእናቷ ደውላለች፣ ትኬት ልትቆርጥ ነው፣ ትምህርቱንም ትታው ልትሄድ ነው። ስንት አገር አቋርጣ የመጣችበትን ትምህርት፣ በእንብላ ምክንያት።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» ብላት ሁሉን ነገረችኝ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «እትዬ፣ እዚህ አገር ሁሉም ሰው ነይ ይለኛል፣ ማንም ግን አይፈልገኝም» አለችኝ።

እኔም ሾርባውን አስቀመጥኩት። አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩሽ» አልኳት። እንብላ ማለት እንዴት ዋልሽ እንደማለት ነው፣ ጆሮሽ ይስማው እግርሽ ይሂድ አልኳት። ቢደግሙልሽም ጠግቤያለሁ በዪ፣ ቢርብሽም። «በሞቴ» ብለው ክንድሽን ከያዙሽ ግን የምር ነው፣ ያኔ መሄድ የለም አልኳት።

ደብተሯን ገልጣ፣ «ይሄ የት ተጽፏል?» አለች።

«የትም አልተጻፈም።»

«ታዲያ እንዴት ነው የማጠናው?»

እስቲ ለዚህ ምን ይባላል? «ነገ እናጠናዋለን» አልኳት፣ «ከመሄድሽ በፊት የአገርሽን ምግብ አብዪኝ» ብዬ ለመንኳት። የልቤን አልነገርኳትም።

ቅዳሜ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወፍጮ ቤት ሄደን ነጭ በቆሎ አስፈጨን። ንሲማ ነው የሚሉት፤ ገንፎ ነው እንዳትሏት፣ ትቆጣለች። ስታገነፋው እኔ ላግዝሽ ብዬ ማማሰያውን ብይዝ ክንዴ ዛለ። ጎመኑን ደግሞ በተወቀጠ ኦቾሎኒ ሠራችው፣ ሽታው ግቢውን አልፎ መንገድ ወጣ። እኔም ድስቱን ከሽታው አስከትዬ አወጣሁትና በር ላይ፣ አስካለ ሱቅ ትይዩ ቁጭ አደረግኩት። «በይ፣ ያለፈውን ሁሉ እንብላ በዪ» አልኳት።

ታደሰ መጣ። «እንብላ» አለችው። «ብሉ ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ እግሩን አፈጠነ። ሁለት ሴቶች አለፉ፣ «ይባረክ»። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ቄስ መጡ፣ እሳቸውም ባረኩልንና ሄዱ። የጠራችው ሁሉ ሄደ። ዞር ብዬ ሳያት ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ወይኔ ዘነቡ፣ አባስሽው አልኩ በልቤ። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ለካ ሳቅ ነው። «እትዬ፣ ጋሽ ታደሰ ድስቱን እያዩ ነው የሮጡት፣ ርቧቸዋል» አለችኝ። «ታዲያስ፣ ሁላችንም ርቦን ነው የምንሮጠው» አልኳት።

ይሄኔ አስካለ ወጣች። ሽታው አላስቀመጣትም፣ ጉዳይ ያላት መስላ በፊታችን አለፈች። «እንብላ» አለቻት ልጅቱ። «ይባረክ፣ አሁን በልቼ መነሳቴ ነው» አለች፣ ዓይኗ ግን ድስቱ ውስጥ ነው። ቺሶሞ ብድግ አለች። ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልላ መንገዱ መሃል ሄዳ ቆመችባትና ክንዷን ያዘቻት። ያ የዜና አማርኛ የት እንደገባ እንጃ።

«በሞቴ፣ እትዬ አስካለ።»

መንደሩ ቆሞ ያያል። በሞቴ ተብላ የት ትሄዳለች? አፏን ከፈተች። ንሲማ ደግሞ ቶሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም። አንዱን ሳትጨርስ ልጅቱ ሁለተኛውን አስከተለች፣ በሞቴ፤ ሦስተኛውን፣ በሞቴ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው፣ አስካለ ዝም ብላ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መጀመሪያ በዓይኗ ትሳደብ ነበር፤ እየዋጠች፣ እየዋጠች ፊቷ ለስለስ አለ። ከንፈሯን ጠርጋ፣ «ጎመኑ ውስጥ ምንድን ነው ያደረግሽበት?» አለቻት።

«ከተቀመጡ እነግርዎታለሁ።»

ተቀመጠች። ታደሰም ከየት መጣ ሳይባል ተመልሶ፣ እኔን በሞቴ የሚል ጠፋ ወይ እያለ በርጩማ ሳበ። ድስቱ ታጥቦ የተመለሰ ነው የሚመስለው። አስካለ ስትነሳ የልጅቱን ትከሻ ይዛ ቀስ ብላ፣ «ያን ቀን ያልኩትን ሰምተሻል አይደል?» አለቻት።

«ሰምቻለሁ። ነገም ይምጡ» አለቻት።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣው አልጋ ሥር ገባ፣ እሷም ደብተሯን ይዛ ትምህርቷ ሄደች።

ምን አልሽኝ አንቺ? አሁንም በየሰው ማዕድ ትቀመጣለች ወይ? አሁንማ ውሸታም ሆናልኛለች። ባለፈው ፈተና ስታጠና ውላ፣ ቁርስም ሳትቀምስ፣ እንብላ ብላት ደረቷን ይዛ «ይባረክ እትዬ፣ ከዚህ በላይ ከበላሁ እፈነዳለሁ» ትለኛለች፤ ሆዷ ሲጮህ እኔ ጋ ይሰማል። በሞቴ ብዬ፣ ጎትቼ አስቀመጥኳት። እንግዲህ ርቧት ጠግቤያለሁ ካለች፣ ከተማውን ለምዳዋለች፤ ከዚህ በኋላ ዲግሪውን ቢሰጧትም ባይሰጧትም የልደታ ልጅ ናት።