ያልተሰፋው ኮት

የኮቴ ቁልፍ መንገድ ላይ ቢበጠስብኝ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው የልብስ ሰፊ ሱቅ ገባሁ። በሩ ሲከፈት አረጋዊው ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናቸው ፈጥነው ቀና አሉ፤ ፊታቸው ግን ወዲያው ጠቆረ። መስኮቱ ሥር ባለው ባዶ ወንበር ልቀመጥ ስል፣ “እሱ ባለቤት አለው” አሉኝ።

የለበሱት ኮት ደረቱ ላይ ተቀዷል። የሰውን ቀዳዳ ሲደፍን የሚውል ሰው የራሱን መተዉ ገረመኝ። የእህታቸው ልጅ፣ የሃይማኖቱን ሕግ የተማረ ጎልማሳ፣ ልብስ በካውያ እየተኮሰ ነገሩን ገለጠልኝ።

“ወንበሩ የልጃቸው ነው። እኛ አይሁድ ነን፤ እሷ ከእምነታችን ውጭ አገባች። አጎቴ እንደ ሞተች ቆጥረው፣ ልብሳቸውን ቀደው፣ ሰባት ቀን መሬት ተቀምጠው አለቀሱ።”

“ገበናዬን ለእንግዳ ዘርግፈህ ጨረስህ?” አሉ ሽማግሌው።

“ገና ነኝ፣ አጎቴ። ለሞተ ልጅ የተቀደደ ልብስ ከሠላሳ ቀን በኋላ ቢሰፋ ሕጉ አይከለክልም። እርስዎ ከቀደዱት ዓመታት አለፉ፤ ስለ ምን አልሰፉትም?”

ሽማግሌው ክር ከመርፌ ሊያስገቡ ሞክረው ሳቱ። “በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። ሙቱን በር በር እያየ የሚጠብቅ ሰው ሐዘኑ በምን ያልቃል?”

“እንግዲያው አልሞተችማ።”

“አንተ ልጅ፣ እኛ እኮ ጥቂት ነን። ሁሉ እንደ እሷ ከወጣ በምኩራቡ ማን ይጸልያል? አግዳሚ ወንበሩ?”

“ጋብቻውን እኔም አልመርቅም። ነገር ግን ጥቂት ከሆንን አንዲቱን ደግሞ እርስዎ ለምን ቀነሱ? ሴት ልጅ ወልዳለች። በሕጋችን ልጅ እናቱን ይከተላል፤ ሕፃኗ የእኛ ናት። ታዲያ የሰንበትን ጸሎት ማን ያስተምራት? እናቷን ቀብረዋል፤ አያቷ ደግሞ ወንበር ጥበቃ ተቀጥረዋል።”

ሽማግሌው ፈገግ ሊሉ ብለው ተዉት። “አይተሃታል?”

“አይቻታለሁ። መቀስ ካየች እጇ አያርፍም። እናቷም ‘አባባ ደህና ናቸው?’ ከማለት በቀር ሌላ ጥያቄ የላትም።”

ቁጣ የሕግን ካባ ሲደርብ ባለቤቱ እንኳ ለይቶ አያውቀውም። ሽማግሌው ግን በዚያች ሰዓት የለዩት መሰለኝ። የእኔን ቁልፍ ሰፍተው ሲያበቁ ኮታቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። የእህታቸው ልጅ መርፌ ቢያቀብላቸው እጁን መለሱት።

“እኔ ቀደድሁት፤ እሷ ትስፋው። ስፌት ያስተማርኋት እኔ አይደለሁ?” አሉና ኮቱን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

ከወራት በኋላ በዚያው አለፍሁ። ልጃቸው መስኮቱ ሥር ባለው ወንበሯ ተቀምጣ ትዘመዝማለች፤ ሕፃኗ እግሯ ሥር ብጣሽ ጨርቅ ትደረድራለች። ባሏ በእምነቱ እንደ ጸና ነው፤ በሰንበት ዋዜማ ግን ሚስቱንና ልጁን ምኩራብ ደጃፍ የሚያደርሳቸው እርሱ ነው። ከሕጉ አንዲት ቃል አልተሻረችም፤ ማኅበሩ ያጣትን ከነልጇ አገኘ፤ ቤትም ከሐሰተኛ ሐዘን ወጣ። ልጁ በሕይወት ሳለ እንደ ሞተ የሚያለቅስለት አባት ይህን ያስተውል።

በሩን ስከፍት ሽማግሌው ከስፌታቸው ቀና አላሉም።