የእናቴ ቀኝ እጅ

«ማካጎ፣ እናትሽ ገንፎዋን እየደፋች አንቺ ቆመሽ የምታያት ምን ሆነሽ ነው?»

ጠያቂው ማሎሜ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እኛ በምንኖርባት ካንዬ ከተማ አውቶቡስ አምልጧቸው ሳያስቡት ወደ እኛ ጎራ ሲሉ፣ ከግቢያችን በር ያዩት ይህንን ነው። እጆቼን ወደ ኋላ ያጣመርኩት ሮጬ ማንኪያውን እንዳልነጥቃት ነበር፤ ይህ ደግሞ ለሰው እንዴት ይነገራል?

እናቴን ባሴትሳናን ስትሮክ ቀኝ ጎኗን ከያዛት አምስት ወር ሆኗት ነበር። አራቱን ወር ያጎረስኳትም ያጠብኳትም እኔ ነኝ። ትወድቃለች፣ ትን ይላታል እያልኩ ከወንበሯ ንቅንቅ አላስባልኳትም። ፍቅር መስሎኝ።

ከአንድ ወር ወዲህ በየረቡዑ የምትመጣው ወጣት ነርስ ኦናለና ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ማሎሜ፣ እሷን አይቆጧት፤ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። እናታችን በየሳምንቱ አንዲት ትንሽ ነገር ራሳቸው መርጠው ይሞክራሉ። የሆነላቸውንም ያልሆነላቸውንም ይነግሩኛል። የዚህ ሳምንቱ በቀኝ እጅ መብላት ነው።»

«ታዲያ ልጅ የሚወለደው ለምንድን ነው? አምስት ወልዳ ጭኗ ላይ ገንፎ ስትደፋ ጎረቤት ምን ይላል? ዛሬውኑ ታማጋ እኔ ቤት እወስዳታለሁ። ልጆቼ እንደ እንቁላል ይይዟታል!»

በእኛ ዘንድ የእናት ወንድም ከወሰነ የሚመልሰው የለም።

«እንቁላል ካልነኩት ይቆያል» አለች ኦናለና በትሕትና፤ «እጅ ግን ካልሠራ ሥራውን ይረሳል።»

«ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«ሃያ አራት።»

«በዕድሜ የምትበልጥሽ አህያ አለችኝ።»

«አሁንም ውሃ ትጭናለች?»

«የለም፣ አሳዘነችኝና አሳረፍኳት። ከዚያ ወዲህማ ጉልበቷ ተሳሰረና...» ማሎሜ ሳይጨርሱ የእናቴን ቀኝ እጅ አዩ። እናቴ በግማሽ አፏ ሳቀች።

«ማካጎ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ውሃ አምጪ። ለእኔ ስጪኝ እንጂ ለእሱ እንዳትሰጪው።»

በግራ እጅ ለሰው መስጠት ስድብ ስለሆነ፣ እናቴ ከታመመች ጀምሮ ለማንም ምንም ሰጥታ አታውቅም። ኩባያውን በቀኝ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ጣቶቿን አንድ በአንድ ሰበሰበቻቸው። ከዚያ ግራ እጇን ከቀኝ ክርኗ ሥር አድርጋ፣ ለታላቅ ሰው እንደሚሰጠው፣ ወደ ወንድሟ ዘረጋች። ኩባያው ዘመመ። ከንፈሬን ነከስኩ። ግማሹ ውሃ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ፤ የቀረውን ማሎሜ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠጡ።

«በደንቡ ነው የሰጠሽኝ» አሉ።

«መልመጃቸው ይኸው ነው» አለች ኦናለና። «ግራው ቀኙን ይደግፋል። እኔ አላመጣሁትም፤ እጃቸው ከልጅነት ያውቀዋል።»

ማሎሜ ኦናለና ጠረጴዛው ላይ ያኖረቻትን ትንሽ የማስታመሚያ መመሪያ መጽሐፍ አነሡና ወደ እኔ ዘረጉ። «የጎልማሶች ትምህርት ገብተሻል ሲሉ ሰምቻለሁ። እስቲ የተጻፈውን አንብቢልኝ።»

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፦ «ሕመምተኛው... የሚችለውን... አትሥሩለት። የማይችለውን... አብራችሁት ሥሩ።»

«ወንድሜ» አለች እናቴ፣ «ታማጋ ብሄድ ያጎርሱኛል። እዚህ ግን ዛሬ ሻሼን ራሴ አሰርኩ።»

«ጠማማ ነው» አሉ ማሎሜ።

«ጠማማ ነው። ያሰርኩት ግን እኔ ነኝ።»

ይህ ከሆነ ስምንት ወር አለፈ። ዛሬ እናቴ ፊቷን ራሷ ትታጠባለች፤ የደም ግፊት ክኒኗን ሰዓቱን ጠብቃ የምትውጠው እሷ ናት፤ በከዘራ እስከ ጎረቤት ትደርሳለች። የሚከፋትም ቀን አለ፤ ያን ቀን ትንሹን ነገር ይበልጥ ታሳንሰዋለች እንጂ አትተወውም። እኔም እሷን ላስታምም ያቋረጥኩትን የጎልማሶች ትምህርት ቀጠልኩ። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያላችሁ እናቶች፣ ከአጠገቡ አትራቁ፤ እጃችሁ ግን አይቸኩልበት። እኔ በችኮላዬ አራት ወር አባክኛለሁ።

ያን ዕለት ማሎሜ በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ብቻቸውን ሄዱ። እናቴ ካንዬ ቀረች።